ያላላሁት ብሎን

ዛሬ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ከቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች አንዱ ደወለልኝ። ወንድም ያሬድ ይባላል። በዕድሜ ከእኔ ብዙ ያንሳል፤ ሲናገር ግን ሁልጊዜ ስብሰባ የሚመራ ይመስላል።

«ጋሼ፣ ስካይላይን የምትኖረውን ማህሌትን ያውቋታል አይደል? አባቷ አገር ቤት በጠና ታመዋል። ዶክተሮቹም ተስፋ ቆርጠዋል። እሁድ ከአምልኮ በኋላ ሰብሰብ ብለን እንነግራታለን። እስከዚያ ነገ ቅዳሜን እናንተ ጋ ብትውል ደስ ይለናል። ስልክም እንዳታበዛ ቢያደርጉልን።»

«እሺ» አልኩት። ሰው ብዙ ጊዜ «እሺ» የሚለው የተጠየቀውን ነገር በደንብ ከማሰቡ በፊት ነው። ስልኩን ዘግቼ እዚህ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ባለው ቤቴ ወደ ምድር ቤቱ ወረድኩና የመሣሪያ ሣጥኔን ከፈትኩ። ከካቻቢቴውና ከፒንሳው ሥር፣ በአሮጌ ካናቴራ የተጠቀለለ ክብ የነዳጅ ግፊት መለኪያ አለ። መስታወቱ ተሰንጥቋል፣ ቱቦውም ደርቆ እንደ እንጨት ሆኗል። በገዛ እጄ ጠቅልዬ ያስቀመጥኩት ስለሆነ የት እንዳለ ሳልፈልግ አውቃለሁ። ዕቃው ግን የእኔ አይደለም፤ የቢኒያም ነው።

ቢኒያም ደባሌ ነበር። በፈረንጆቹ ሁለት ሺህዎቹ አጋማሽ ላይ፣ ሁለታችንም ሃያ አምስት ዓመት ሳይሞላን፣ ስካይላይን ካሉት ረጃጅም ሕንፃዎች በአንዱ ውስጥ አንዲት ክፍል ለሁለት ተከራይተን እንኖር ነበር። እኔ መኪና ማቆሚያ ውስጥ ቲኬት እቆርጣለሁ፤ እሱ ነዳጅ ማደያ ይሠራል። አዲስ አበባ አባቱ ጋራዥ ውስጥ ያደገ ልጅ ስለሆነ እጁ ሥራ ካጣ ይታመማል። አባቱ ከሞቱ ቆይተዋል። እናቱ እትዬ አስካለ፣ ሰላም ከምትባለው ታላቅ እህቱ ጋር ይኖራሉ። እሱ የጥገኝነት ጉዳዩ ገና ስላላለቀ፣ ምን ቢመጣ ከአሜሪካ ወጥቶ መመለስ አይችልም ነበር። ከእናቱ ጋር የሚያገናኘው ስልክ ብቻ ነው።

ያለውን ሁሉ ያፈሰሰባት አንዲት አሮጌ ባለ ሁለት በር የጃፓን መኪና ነበረችው። ከፋብሪካ ስትወጣ ለገበያ መመላለሻ የታሰበች ነገር ነበረች። እሱ ግን ከአሮጌ መኪና መበተኛ ቱርቦ አምጥቶ ገጠመባት። ቱርቦ ወደ ሞተሩ አየር በኃይል የሚነፋ ዕቃ ነው፤ አየሩ ሲበዛ ቤንዚኑም አብሮ መብዛት አለበት። ስለዚህ ቤንዚን ወደ ሞተሩ የሚረጩ ትልልቅ ኢንጀክተሮች አስገባ፣ በታንከሩ ውስጥም ጠንካራ ፓምፕ ቀየረ። «አየር በዝቶ ቤንዚን ካነሰ ሞተሩ ከውስጥ ይቀልጣል» ይለኝ ነበር፤ ሲለው ስለ ሰው የሚያወራ ይመስል ነበር።

የምንሠራው አሌክሳንድሪያ ውስጥ፣ አንድ የታክሲ ጠጋኝ ቅዳሜ ቅዳሜ በሚለቅልን ግቢ ጥግ ነበር። የእኔ ድርሻ መለኪያውን ማንበብ ነው። መለኪያው ከሞተሩ የቤንዚን መስመር ላይ በረጅም ቱቦ ይገጠማል፤ ቱቦው በኮፋኖው ጠርዝ በኩል ይወጣና መለኪያው ከውጭ የፊት መስታወቱ ላይ በፕላስተር ይለጠፋል። እሱ ይነዳል፤ እኔ ከጎኑ ተቀምጬ «አርባ፣ አርባ ሁለት፣ አርባ ስድስት» እያልኩ እጮሃለሁ። ቤንዚን ሲረግጥ መርፌው አብሮ መውጣት አለበት። ከወረደ ወዲያው እግሩን ያነሳል። ዓይኑ መንገዱ ላይ ስለሆነ ያለ እኔ ድምፅ የሚያውቀው ነገር የለም።

ሕጎች ነበሩት። ሞተር ከማስነሳቱ በፊት ቁልፉን ግማሽ ያዞርና ከኋላ የፓምፑን «እምም» የሚል ድምፅ ያዳምጣል። ሳይለካ ምንም ነገር አይፈታም፤ «አሥር ጊዜ ለካ፣ አንድ ጊዜ ቁረጥ» የሚለውን የአባቱን አባባል እንደ ጥቅስ ይደግመዋል። ብሎን አጥብቆ ሲጨርስ ደግሞ በቀይ የጥፍር ቀለም ከብሎኑ ራስ እስከ ብረቱ አንዲት ቀጭን መስመር ያሰምራል። መስመሩ ከተቆረጠ ብሎኑ ዞሯል ማለት ነው። የጥፍር ቀለሙን እየሄድኩ የምገዛለት እኔ ነበርኩ። ገንዘብ ተቀባይዋ ቀለሙንም ጥፍሬንም አይታ «ያምርብሃል» ብላኝ ታውቃለች።

ሌላው ሕግ የቅዳሜው ስልክ ነው። ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ፣ እዚያ መሽቶ ራት ሲቀርብ፣ ለእናቱ ይደውላል። ሥራ ይኑር አይኑር፣ ሞተር ተፈትቶ ይሁን ተገጥሞ፣ ሰዓቱ ሲደርስ መሣሪያውን ያስቀምጣል። መጀመሪያ እጁን በሳሙና እስከ ክርኑ ይታጠባል። እኔ ከጠርሙስ ውሃ አፈስለታለሁ።

«በስልክ ይሸታቸዋል እንዴ?» ስለው፣

«አንተ እማዬን አታውቃትም» ይለኛል።

በዚያ ዓመት ጥቅምት ላይ መኪናዋ አስቸገረችን። ስትረገጥ ትደናቀፋለች፤ መርፌው ከአርባ ወደ ሃያ አምስት ይወርዳል። ሦስት ቅዳሜ ሙሉ ተከታተልናት። በመጨረሻ በታንከሩ ውስጥ ከፓምፑ ጋር የተያያዘች አጭር ቱቦ ተሰንጥቃ ተገኘች። ቀየራት፣ ገጠመ፣ ቀዩን መስመር አሰመረ። በሚቀጥለው ቅዳሜ መንገድ ላይ አንድ ጊዜ መሞከር ብቻ ቀረ። «ሳይረፍድ እንጨርሳለን፣ ከዚያ ለእማዬ ዳነች ብዬ እነግራታለሁ» አለ። እትዬ አስካለ ስለ ቱርቦ ባያውቁም ስለ መኪናዋ ጤና በየሳምንቱ ይጠይቁ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት እሱ ሻወር ቤት እያለ የእኔ ስልክ ጮኸ። ጋሽ ታደሰ ናቸው፤ ያን ጊዜ የቤተ ክርስቲያናችን ትልቁ ሽማግሌ።

«ልጄ፣ ቢኒያም አጠገብህ ነው?»

«እየታጠበ ነው፣ ጋሼ።»

«እናቱ ሆስፒታል ገብተዋል። ልባቸው ነው። እህቱ ሌሊት ደወለችልኝ። ብቻውን ሆኖ እንዳይሰማ ብላ አደራ ብላኛለች። ነገ ከአምልኮ በኋላ እኛ ቤት አምጥተን፣ ጸልየን፣ ሁላችንም ባለንበት እንነግረዋለን። ዛሬን አንተ ያዝልኝ። ስልክ እንዳይደውል።»

«እሺ፣ ጋሼ» አልኩ።

መናገር ይችላሉ ወይ ብዬ አልጠየቅኩም። ነፍስ ያውቃሉ ወይ፣ ልጃቸውን ጠይቀዋል ወይ፣ አላልኩም። ሃያ ዓመት ሊሞላው ነው፤ ያልጠየቅኳቸውን ጥያቄዎች ዛሬም አንድ በአንድ እቆጥራቸዋለሁ።

ክፉ ወሬ በእኛ ዘንድ በስልክ አይነገርም። ሰው ይሰበሰባል፣ ምግብ ይሠራል፣ ጠንከር ያለ ሰው ከጎን ይቀመጣል፣ ከዚያ ይነገራል። ክፋት የለበትም፤ እንዲያውም ፍቅር አለበት። እኔም ያን ጠዋት የተሰማኝ ኩራት ነበር። ትልልቆቹ ሰዎች አምነው አንድ ነገር ሰጡኝ፤ ጓደኛዬን እንድጠብቅ። ምኑን ከምን እንደምጠብቀው ግን አላወቅኩም።

ቢኒያም ማደያው ደርሶ መምጣት ስለነበረበት የመኪናዋን ቁልፍ ሰጥቶኝ ቀድሜ በአውቶቡስ ወደ አሌክሳንድሪያ ሄድኩ። ግቢው ውስጥ ማንም የለም። ከአጥሩ ማዶ ያለው ዛፍ ቅጠሉን እዚያው በሰነበተችው መኪና ላይ አራግፎባታል። መኪናዋ ደህና ከሆነች እኩለ ቀን ላይ እጁን ታጥቦ እንደሚደውል አውቃለሁ። መኪናዋ ከታመመች ደግሞ ዓለምን እንደሚረሳ አውቃለሁ። የኋላውን የዕቃ መጫኛ ከፍቼ ምንጣፉን ገለጥኩ። የፓምፑ ግራውንድ ሽቦ፣ ሲላላ ፓምፑን ኤሌክትሪክ የሚያሳጣው፣ እዚያ በአንድ ብሎን ታስሯል። የብሎን መፍቻ አምጥቼ ሁለት ዙር አላላሁት። ቀዩ መስመር ተቆረጠ። አየሁት። ምንጣፉን መለስኩበት።

ቢኒያም መጣ፣ ቁልፉን ግማሽ አዞረና አዳመጠ። ፓምፑ እምም አለ፤ ድምፁ ትንሽ ደከም ያለ ቢሆንም ልብ አላለውም። ወጣን። ከዱክ ስትሪት ወደ ሀይዌዩ መግቢያ ስንደርስ ረገጠ።

«አርባ» አልኩ። «ሰላሳ ስድስት። ሰላሳ። ቢኒ ልቀቅ!»

ለቀቀ። የመንገዱን ዳር ይዞ ቆመ። ግንባሩን መሪው ላይ ደግፎ «ይቺ መኪና ጠልታኛለች» አለ። ሳቅኩ። ያን ሳቄን እስከ ዛሬ እጠላዋለሁ።

ቀስ እያልን ወደ ግቢው ተመለስን። የሚያሳዝነው ያን ቀን እሱም የራሱን ሕግ ማፍረሱ ነው። ሰዓቱ እንዳይረፍድበት ቸኩሎ ሳይለካ መፍታት ጀመረ። መጀመሪያ ፊልትሮ ቀየረ። ቤንዚኑ ክንዱን እያጠበ ወደ ብብቱ ፈሰሰ፤ ብርዱ ስላለ ጣቶቹ ነጡ። ለውጥ የለም። የግፊት መቆጣጠሪያውን ቀጭን ቱቦ አውጥቶ በአፉ ሳበው፤ ቀዳዳ የለውም። ከዚያ ሞተሩ እየሠራ ወደ ታንከር የሚመለሰውን ቱቦ በጨርቅ ጠቅልሎ በፒንሳ ጨመቀው። መመለሻው ሲዘጋ ጤነኛ ፓምፕ መርፌውን ሽቅብ ያስወነጭፈዋል። የእኛ መርፌ ጥቂት ከፍ ብሎ ቀረ።

«ፓምፑ ነው» አለ። «ፓምፑ ሞቷል።»

እሱ ከመኪናዋ ሥር ተኝቶ፣ እኔ መብራት ይዤለት፣ ደግ ሥራ የምሠራ መሰለኝ።

እኩለ ቀን ሲደርስ ሰዓቱን አየና ተነሳ። «ቆይ ኮል ላድርግ፣ ከዚያ እንቀጥላለን» ብሎ ሳሙናውን ፈለገ።

«ዛሬ መስመር የለም» አልኩት። ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም። «ጋሽ ታደሰ ጠዋት ደውለውልኝ ነበር። ወደ አዲስ አበባ ቢሞክሩ ቢሞክሩ እንቢ አላቸው። ነገ ይስተካከላል ብለዋል።»

በዚያን ጊዜ የአዲስ አበባ መስመር ዛሬ አለ፣ ነገ የለም፤ ካርድ ገዝቶ ቁጥሩን ፍቆ ቀኑን ሙሉ የሚደውል ሰው ብርቅ አልነበረም። ጋሽ ታደሰ ደግሞ የማይዋሹ ሰው ናቸው። አመነኝ። «ካርዴን ከማቃጥል ነገ ትሻላለች» አለና ወደ መኪናዋ ተመለሰ። ከመንገዱ ማዶ አንዲት የሳልቫዶር ሴት ከምትሸጥበት መኪና ፑፑሳ የሚባለውን አይብ የተሞላ ቂጣ ገዝቼ አመጣሁ። ቆመን በላን። ትኩሱ አይብ አፉን ሲያቃጥለው «እማዬ ይሄን ብትቀምሰው ለአንድ ወር ስታማው ትከርም ነበር» ብሎ ሳቀ። እኔ የተረፈኝን በወረቀቱ ጠቀለልኩት።

ፀሐይዋ ዘቅዘቅ ስትል ፓምፑን ከታንከር ሊያወጣ ተነሳ። ከዚያ ቆመ። የአባቱ አባባል ትዝ አለው መሰለኝ። «ሳልለካ?» አለ ለራሱ። የኤሌክትሪክ መለኪያውን አምጥቶ ፓምፑ ጋ የሚደርሰውን ቮልት ለካ። አሥራ ሦስት ምናምን መሆን ሲገባው ዘጠኝ አለ። ፊቱ በራ።

«ፓምፑ አልሞተም! ኤሌክትሪክ ነው የጎደለው!»

ምንጣፉን ገለጠ። ሽቦውን በሁለት ጣቱ ነካው፤ ተወዛወዘ። ብሎኑን በእጁ አዞረው፤ ዞረ። ከዚያ ባትሪ አብርቶ ቀዩን መስመር አየው። ግማሹ ብረቱ ላይ፣ ግማሹ ብሎኑ ላይ፣ ለየብቻ። ጎንበስ እንዳለ መስመሩን በጣቱ ዳሰሰው። ቁልፉ የነበረው እሱና እኔ ጋ ብቻ ነው።

«አንተ ነህ?» አለኝ ቀና ሳይል።

ፊቴን ወደ አጥሩ አዞርኩ።

«ሪፕላይ አድርግልኛ! ለምን? ሞተሯ ቢቃጠልስ? እኔን ነው ወይስ መኪናዋን ነው የጠላኸው?»

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ የእኔ ግን እስኪነጋም አልቆየም። «እናትህ ታመዋል» አልኩት። «ሆስፒታል ናቸው። ነገ ሊነግሩህ ነው። ዛሬን ያዘው ብለውኝ ነው።»

ይመታኛል ብዬ ነበር። ምነው በመታኝ። ሄዶ ሳሙናውን አነሳ። ጠርሙሱን አቀበለኝ፤ አፈሰስኩለት። እስከ ክርኑ፣ ጥፍሩን ሳይቀር፣ ቀስ ብሎ ታጠበ። ካርዱን አወጣ፣ ያን ሁሉ ቁጥር መታ። መስመሩ በመጀመሪያው ሙከራ ገባ።

«ሰላምዬ፣ እማዬን ስጪኝ» አለ።

ግቢው ፀጥ ስላለ የሰላም ድምፅ ይሰማኛል። መጀመሪያ ስሙን ብቻ ደጋገመች። ከዚያ «ካረፈች ሁለት ሰዓት ሆናት» አለች። ሁለት ሰዓት። ፑፑሳ በልተን ከጨረስን በኋላ ማለት ነው። እሷ እያለቀሰች ቀጠለች። «ቀኑን ሙሉ አእምሮዋ ደህና ነበር እኮ። ስልኩን ትራስ ሥር አድርጉልኝ አለች። ዛሬ ቅዳሜ አይደለም እንዴ፣ ልጄ ምነው ቀረ፣ እያለች ስትጠይቀን ነበር። ምነው ቢኒ? ምነው?»

መሬት ላይ፣ ቤንዚን የፈሰሰበት ቦታ፣ ተቀመጠ። እኔ የውሃውን ጠርሙስ እንደያዝኩ ቆሜ ነበር።

በማግስቱ ሰው ተሰበሰበ፤ ጋሽ ታደሰ ቤት ሳይሆን እኛው ጋ። ስካይላይን ያለችው ክፍላችን ሞልታ ኮሪደሩ ላይ ሁሉ ሰው ቆመ፤ ምግብ በየትሪው መጣ፣ መዝሙር ተዘመረ። ጋሽ ታደሰ አቅፈውት እንደ ልጅ አለቀሱ። ለሰላም ደውለው ሲያጽናኗት ግን ያለችውን እኔም አጠገባቸው ሆኜ ሰማሁ። «ብቻውን እንዳይሰማ አልኩ እንጂ፣ እንዳይደውል መቼ አልኩ፣ ጋሼ?» ጋሽ ታደሰ ስልኩን ለሌላ ሰው አቀበሉ። ከዚያ ወዲህ እኔና እሳቸው ስለዚያች ቅዳሜ ተነጋግረን አናውቅም፤ እሳቸውም ካረፉ ቆዩ።

ቢኒያም አንድ ወር ያህል አብሮኝ ቆየ። አይቆጣም፣ አይወቅስም፣ «ደህና አደርክ» ይለኛል። ብቻ ቅዳሜ ሲሆን ጃኬቱን ለብሶ ይወጣና እስኪመሽ አይመለስም። አንድ ቀን ሌላ ስቴት ሥራ እንዳገኘ ነገረኝ። ሊሄድ ሲል መኪናዋ ጋ አብሬው ወረድኩ። ብሎኑ ጠብቆ አዲስ ቀይ መስመር ተሰምሮበት አየሁ። መለኪያውን ከወንበሩ ላይ አንስቶ ሰጠኝ።

«ያዘው» አለ። «ቁጥር ስታነብልኝ ዋሽተኸኝ አታውቅም ነበር።»

ይህን ሲል ሊወቅሰኝ ይሁን ሊያመሰግነኝ አላወቅኩም፤ ዛሬም አላውቅም። ቁልፉን ግማሽ አዞረ፣ አዳመጠ፣ ሄደ።

ዛሬ መለኪያውን በካናቴራው ጠቅልዬ መልሼ አስቀመጥኩና የማህሌትን ወንድም ቁጥር ፈልጌ አዲስ አበባ ደወልኩ። ያን ጊዜ ያልጠየቅኩትን ጠየቅኩ። ከዚያ ባለቤቴን ይዤ የወንዙን ድልድይ ተሻግሬ ስካይላይን ሄድኩ። ማህሌት በሩን ከፍታ ሁለታችንን ስታይ ፊቷ ተለወጠ። አባቷ እንደታመሙ፣ ሕመሙም ከባድ እንደሆነ ሳልሸፋፍን ነገርኳት። የመጀመሪያ ጥያቄዋ «መናገር ይችላሉ?» የሚል ነበር።

«ትንሽ ትንሽ» አልኳት። «ይሰማሉ። አሁን ደውይ።»

ባለቤቴ አጠገቧ ተቀመጠች፤ እኔ ኮሪደሩ ላይ ወጣሁ። ወንድም ያሬድ ሲሰማ ደስ አላለውም። «ጋሼ፣ ተስማምተን አልነበር?» አለኝ። ተስማምተን ነበር። ምናልባትም ልጅቷን ያለጊዜዋ አስለቅሻት ይሆናል። ይህን በማድረጌ የቀለለኝ ነገርም የለም፤ የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም፣ ለእትዬ አስካለም የሚደርሳቸው ነገር የለም።

የቢኒያም ስልክ ቁጥር አለኝ። ከዓመታት በፊት አንድ የምናውቀው ሰው ሰጥቶኝ ስልኬ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ። አንድም ቀን ደውዬለት አላውቅም፤ ሁልጊዜ ሰዓቱ አልሆነም፣ ሥራ ላይ ይሆናል፣ ምን እለዋለሁ እላለሁ። አሁን ስጽፍ ስልኩ ከፊቴ ነው፤ ስሙንም አውጥቼ እያየሁት ነው። ነገ ቅዳሜ ነው።